የሴት ኃላፊ ትእዛዝና የባልደረባ ጆሮ፦ ከሲሬ ጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል

ሲሬ በአርሲ ዞን ሰሜናዊ ክፍል፣ ደጋው ወደ አዋሽ ሸለቆ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት አካባቢ የሚገኝ ወረዳ ነው። ቀደም ሲል ከዶዶታ ጋር ተጣምሮ «ዶዶታና ሲሬ» በሚል ስም በአንድ ወረዳነት ይተዳደር ነበር፤ ኋላ ተለይቶ ራሱን ችሏል። የጤና አገልግሎቱ እንደ ሌሎቹ የገጠር ወረዳዎች ሁሉ ከጤና ኬላ ተነሥቶ በጤና ጣቢያ በኩል ወደ ሆስፒታል የሚወጣ መሰላል ነው። በዚህ መሰላል ላይ የሚመላለስ ባለሙያ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በታችኛው እርከን ላይ የምትሠራው ሴት ናት፤ የቀበሌውን ሕዝብ ታዛለች፤ ሕዝቡም ይብዛም ይነስም ይታዘዛታል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ግን የምታዝ ሴት እየጠፋች ትሄዳለች፤ ከተገኘችም ትእዛዟ ከገበሬው ይልቅ በሙያ ባልደረባዋ ዘንድ ሲመረመርና ሲመዘን ይታያል።

ጉዳዩ የክብርና የሹመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጤና ባለሙያዎች መጽሔት ባልቀረበ ነበር። በእኛ ሙያ ግን ምክር ራሱ ሕክምና ነው። የማዋለጃ ክፍል ኃላፊዋ ፓርቶግራፉን ተመልክታ «ይህች እናት አሁኑኑ ትላክ» ስትል ተረኛው ባለሙያ «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» ካለ፣ በመካከሉ የሚያልፈው ሰዓት የእናቲቱና የጽንሱ ሰዓት ነው። የእናቶችን ሞት ስንመረምር ስለ ሦስቱ መዘግየቶች እንነጋገራለን፤ ለሕክምና ለመወሰን መዘግየት፣ ተቋም ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን አገልግሎት ለማግኘት መዘግየት። በሦስተኛው ውስጥ ደም አለመኖሩን፣ መድኃኒት ማለቁን፣ አምቡላንስ መበላሸቱን እንመዘግባለን። ኃላፊዋ የተናገረችው በሰዓቱ አለመፈጸሙን የምንመዘግብበት ዓምድ ግን የለንም።

ይህ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ምን ይደረግ፣ ባህላችን ነው» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን መልስ አይቀበለውም። በተለይ ለአርሲ ምድር መልሱ ትክክል አይደለም። የሴትን ትእዛዝ የማይሰማ ጆሮ ከጥንት የወረስነው ሳይሆን፣ ከፊሉን በሙያችን ውስጥ፣ ዓመተ ምሕረቱ በሚታወቅ ጊዜ የሠራነው ነው።

ሲንቄና ቀነፋ

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር አለ። ሲንቄ የባለትዳር ሴት የመብት ምልክት ነው። አንዲት ሴት በባሏ ወይም በሌላ ሰው ስትበደል ጩኸቷን የሰሙ ሴቶች በየቤታቸው ያለውን ሥራ ትተው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ። በደሉ በሽማግሌ ፊት ታይቶ ካሳ ተቆርጦ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሲንቄ ይዘው በሚጓዙ ሴቶች መካከል አቋርጦ ማለፍ ነውር ነው። ሁለት ወገኖች ለፍልሚያ ተሰልፈው ሳለ ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው በመካከል ከቆሙ ፍልሚያው ይቆማል።

ለጤና ባለሙያ ይበልጥ የሚስበው ግን ቀነፋ ነው። ቀነፋ ወላድ በአራስነቷና ከዚያም በኋላ ባሉት ወራት በግንባሯ ላይ የምታስረው ምልክት ነው። ቀነፋ ያሰረችን ሴት መምታት ወይም መስደብ ተራ በደል ሆኖ አይቆጠርም፤ ሲንቄ የሚያስነሣ ከባድ ነውር ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለወላድ የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ በ1999 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በኋላ ያለውን ወደ 90 ቀን አሳደገው። ሕግ አውጪው በአዋጅ ያስገኘውን ዕረፍት የአርሲ እናቶች በበትራቸው ኃይል ሲያስከብሩት ኖረዋል ማለት ይቻላል።

ነገሩን ከልኩ በላይ ማሳመር አያስፈልግም። የአባ ገዳነት ሥልጣን የወንዶች ነው፤ የሲንቄ ሥልጣንም ያገባችን ሴት የሚመለከት እንጂ ለሁሉም ሴት እኩል የሚዳረስ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ ምድር ተወልዶ ያደገ ወንድ ሴቶች በአንድነት ቆመው ሲያዙ መታዘዝን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ስለዚህ ይኸው ሰው በጤና ጣቢያ ተቀጥሮ የሴት ኃላፊውን ትእዛዝ በግማሽ ጆሮ ሲሰማ፣ ያንን ከአያቱ የተማረው ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

«ሲስተር»ና «ሜትሮን»

ዘመናዊው የነርስነት ሙያ ወደ አገራችን ሲገባ የማዕረግ ስሞቹንም ይዞ ገባ። «ሲስተር» በእንግሊዝ ሆስፒታሎች አንድን የሕሙማን ክፍል የምትመራ ነርስ ማዕረግ ነበር፤ መነሻው የገዳማውያት እህቶች መጠሪያ ቢሆንም በሆስፒታል ውስጥ ግን የኃላፊነት ስም ነው። «ሜትሮን» ደግሞ የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ የበላይ ናት። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ስታቋቁም አጥብቃ ከያዘቻቸው ነገሮች አንዱ ነርሶች በሙያቸው በሴት ሜትሮን ይታዘዙ የሚለው ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በዚያ ዘመን ለአውሮፓ ሴት በሌላ መሥሪያ ቤት የማይገኝ የራሱ ሰንሰለት ያለው ሥልጣን በሆስፒታል ውስጥ ተፈጥሮ ነበር።

በኢትዮጵያ የነርስነት ታሪክ መጀመሪያ ላይ የሚነሣው የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም ነው። ልዕልቲቱ በስደቱ ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ማዕረጋቸውን ያዙ፤ በጋይስ ሆስፒታልም ሠርተዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሕሙማንን ቁስል ታጥባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች የሚለው ወሬ ሙያውን በአገሬው ዓይን ከፍ አድርጎት ነበር። ይሁን እንጂ ልዕልት ፀሐይ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በለቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። የአገሪቱ ከፍተኛዋ ነርስ በዚያ ምክንያት መሞታቸው ዛሬም ለሚያነበው ባለሙያ ከባድ ነው። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባስበው በስማቸው ያሠሩት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፍቶ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ፤ የነርሷ ስም ከበሩ ላይ ወረደ።

ከዚሁ ሆስፒታል ጋር በተቀራራቢ ዘመን በስዊድናውያን እርዳታ የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤትም በአዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበር። በስዊድንም ነርስን «እህት» ብሎ መጥራት የተለመደ ነበርና ስሙ ከሁለት በኩል ተደግፎ ሥር ሰደደ። በእኛ አገር ግን በጉዞው ላይ አንድ ነገር ጎደለበት። «ሲስተር» የክፍል ኃላፊ ማዕረግ መሆኑ ቀርቶ የማንኛዋም ነርስ መጠሪያ ሆነ። ስሙ ሲቀር ሥልጣኑ ወደቀ ማለት ነው። ውጤቱን ሁላችንም በየዕለቱ እናየዋለን፦ ሕመምተኛው ነጭ ጋዎን የለበሰውን ወንድ ነርስ «ዶክተር» ይለዋል፤ ሰባት ዓመት ሕክምና ተምራ፣ ከዚያም ስፔሻላይዝ አድርጋ የመጣችውን ሐኪም «ሲስተር» ይላታል። ሁለቱም አያርሙትም፤ እሱ ስላልከፋው፣ እሷ ስለታከታት። በአጠገባቸው የቆመው ሠራተኛም በፈገግታ ያልፈዋል። የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሐኪም ተብለው ስማቸው የሚጠቀሰው ዶክተር ውዳድ ኪዳነ ማርያም ከነበሩበት ዘመን ወዲህ ስንት ሴቶች ሐኪም ሆነዋል፤ መጠሪያው ግን ገና ከሕመምተኛው አፍ አልወጣም።

«ሜትሮን» የሚለው ስም ዕጣ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ይህኛው ሥልጣኑን ይዞ ቆየ፤ ሴትነቱን ግን ጣለ። በብዙ ሆስፒታሎቻችን የነርሶች ኃላፊ ሆኖ የተሾመ ወንድ «ሜትሮን» እየተባለ ሲጠራ ማንም አልሳቀም። ከባዱ ስም ወደ ወንዱ ለመሻገር አልተቸገረም፤ ቀላሉ ስም ከሴቷ ጋር ቀረ።

የጎንደሩ ቡድን

ይህ ሁሉ የስም ጉዳይ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። መዋቅሩን ያቆመው ግን ጎንደር ነው። በደምቢያ ከደረሰው የወባ እልቂት ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ ተቋቋመ። የኮሌጁ ሐሳብ በዘመኑ ከነበሩት የአፍሪካ ሐሳቦች ሁሉ የላቀ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የገጠሩን ሕዝብ በሆስፒታል ብቻ ማዳረስ ስለማይቻል ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን ሠልጥነው፣ በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ተደረገ። ኋላ ዓለም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. «መሠረታዊ የጤና አገልግሎት» ብሎ የተቀበለውን አሠራር ጎንደር ቀድሞ ሞክሮታል።

ነገር ግን ቡድኑ ሲዋቀር ማን ምን እንደሚሆን አብሮ ተወሰነ። የቡድኑ መሪና የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጤና መኮንኑ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ወንድ ነው። የማኅበረሰብ ነርሷ ሴት ናት፤ ሥልጠናዋም ከእሱ ያጠረ ነው። ቅድመ ወሊድ ክትትሉ፣ የሕፃናት ክሊኒኩና የቤት ለቤት ጉብኝቱ የእሷ ነው። ማኅተሙ፣ ሪፖርቱና ከአውራጃው ጋር የሚደረገው ደብዳቤ የእሱ ነው። በየክሊኒኩ ብቻውን ይሠራ የነበረው ድሬሰርም ባመዛኙ ወንድ ነበር። ይህን ያዋቀሩት ሰዎች ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ በዘመኑ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ሴቶች ቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር። ሆኖም በትምህርት ዕድል ማነስ ምክንያት የተደረገው ክፍፍል፣ ምክንያቱ እየተረሳ ሲሄድ፣ የተፈጥሮ ሥርዓት መሰለ። በጤና ጣቢያ ያደገ አንድ ትውልድ «ኃላፊ» ሲባል የወንድ ፊት ይመጣበት ጀመር።

ሕጉም ከዚሁ ጋር ይሄድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ባል ነው ብሎ ደንግጎ ነበር። ድንጋጌው በፌዴራል ደረጃ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ይህም ማለት ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት አንጋፋ ባለሙያዎች ያደጉት ባል በሕግ አዛዥ በሆነበት ቤት ነው።

በአርሲም ይኸው ክፍፍል በሌላ መስክ ተደግሟል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በስዊድን መንግሥት እርዳታ አሰላን መናኸሪያ አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ካዱ» ብሎ የሚያውቀው፣ የአካባቢውን እርሻ የለወጠ ተቋም ነው። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ይዞ የመጣው ኤክስቴንሽን ግን ፊቱን ያዞረው ወደ ወንዱ ገበሬ ነበር፤ ለሴቶች የቀረበው ትምህርት በቤት አያያዝና በምግብ ዝግጅት ላይ ያተኮረ ነበር። ሴት ባለሙያ ለሴቶች ስለ ቤት ትናገራለች፤ ወንድ ባለሙያ ለወንዶች ስለ ሀብት ይናገራል። ያች ቤት ውስጥ ወተቱን የምትንጠው፣ አረሙን የምታርመው፣ የታመመውን የምታስታምመው ራሷ መሆኗን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ መዋቅሩ ግን አላወቀም።

ሁለት ሴቶች በአንድ ቀበሌ

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ ነው። በየገጠር ቀበሌው ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁና የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ሁለት ሴቶች ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው ተመደቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቁጥራቸው በአገር ደረጃ ከ30,000 በላይ ደረሰ። በአርብቶ አደር አካባቢዎች ወንዶችም የተመደቡ ሲሆን በደጋው ኢትዮጵያ ግን ሥራው የሴቶች ሆነ።

በሲሬም ሆነ በሌላው የአርሲ ገጠር ይህ ምን ማለት እንደነበረ መገመት ይቻላል። የሃያ ዓመት ልጅ ወደ ሽማግሌው ግቢ ገብታ «አባባ፣ መጸዳጃ ቤቱ ገና አልተቆፈረም፤ ከብቱና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር የለበትም» ትላለች። ሽማግሌው መጀመሪያ ይስቃል፤ «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል። የማን ልጅ መሆኗ ስለሚታወቅ ግን አያባርራትም። ሁለተኛ ትመለሳለች፤ ሦስተኛ ትመለሳለች። የልጅ ልጁ በክትባት ቀን ስሙ ተጠርቶ ይከተባል። ምራቱ ቀኗ ሲደርስ ወደ ጤና ጣቢያ የላከቻት እሷ ናት። ጉድጓዱ ይቆፈራል። በፓኬጆቹ የተመረቀ «ሞዴል ቤተሰብ» ለመባል ጎረቤት ከጎረቤት ይፎካከራል።

በሙያው ውስጥ የነበረው ጥርጣሬ ከገበሬው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን የተባለውን በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር የእርግዝና መከላከያ እንዲያስገቡ ሲወሰን፣ ቀጥሎም የሕፃናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ እንዲያክሙ ሲፈቀድ፣ «ይህን ለእነሱ?» ያለ ባለሙያ ጥቂት አልነበረም። ሥራው ተሰጣቸው፤ ሠሩት፤ ጥያቄው በዝግታ ጠፋ። ዛሬ ማንም አያነሣውም፤ አንሥቶት የነበረውም ማንሣቱን አያስታውስም።

ነገር ግን የመሰላሉ ችግር ከዚህ በላይ ነው። እነዚህን ሴቶች የሚቆጣጠረው የጤና ጣቢያ ሱፐርቫይዘርና የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ሆኖ ቆየ። የጎንደሩ ቡድን በአዲስ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው፦ ሴቷ በየቤቱ ትዞራለች፣ ወንዱ ሪፖርቱን ይፈርማል። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ካሉት የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ሠራተኞች 70 ከመቶው ሴቶች ሲሆኑ ከከፍተኛ የኃላፊነት ቦታዎች ግን የያዙት 25 ከመቶውን ነው።

አንድ ምክር፣ ሁለት ጆሮ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ከታሪክ የተነሣ ግምት ነው ሊባል ይችላል። በዚህ ረገድ በአገራችን የተደረገ አንድ ጥናት አለ። ከአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሽብሩ አያሌው ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው፣ ከሻንቲ ማኒያንና ከኬትኪ ሼት ጋር ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት «ከታች የሚመጣ አድልዎ» የሚል ሐሳብ ያነሣል። ስለ ሴቶች አመራር ሲወራ ዘወትር የሚጠየቀው አለቆች ሴትን ይሾማሉ ወይ የሚለው ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች ግን ጥያቄውን ገለበጡት፦ ሴቷ ከተሾመች በኋላስ የበታቾቿ ይሰሟታል ወይ?

በሙከራው የተሳተፉት የቢሮ ሠራተኞች ለአንድ ሥራ ከመሪ ምክር ይቀበላሉ። ምክሩ ቃል በቃል አንድ ነው፤ የሚለየው መሪው ወንድ ወይም ሴት መሆኑ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ የሴቷን ምክር የመከተላቸው ዕድል ከወንዱ በ10 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዚህም ምክንያት በሴት የተመሩት ሠራተኞች ራሳቸው ያስመዘገቡት ውጤት ዝቅ አለ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ባለመሰማቱ ሥራው ተበላሸ፤ ሥራው ሲበላሽ ደግሞ ከውጭ የሚያይ ሰው «ሴት የምትመራው ክፍል ውጤቱ ደካማ ነው» ይላል። ማስረጃውን ራሱ አድልዎው ፈጠረው። የጤና ተቋም የአፈጻጸም ምዘና የሚሠራ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል።

የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ይበልጥ የሚያስገርም ነው። መሪዋ ከፍተኛ ሥልጠና ያላትና ብቁ መሆኗ ለሠራተኞቹ በግልጽ ሲነገር ልዩነቱ ጠፋ፤ እንዲያውም ተገለበጠ። ከእኩያዋ ወንድ ይልቅ የእሷ ምክር የበለጠ ተሰማ። ይህ ከላይ ካየነው ታሪክ ጋር ይገጥማል። ሠራተኛው ሴትነትን ከነጭራሹ የሚጠላ ቢሆን ኖሮ የሥልጠና ወረቀት አይለውጠውም ነበር። የጎንደሩ መዋቅር ያስተማረው ሴት ማለት አጭር ሥልጠና ያላት ማለት ነው ብሎ ነው፤ ጆሮውም በዚያ ስሌት ይሠራል። ስሌቱ ስሕተት መሆኑ ሲነገረው ያርማል።

በሙያችን ውስጥ ለዚህ ሕያው ምስክር አለን። ማሚቱ ጋሼ ወደ ሆስፒታል የገባችው በምጥ ተጎድታ ታካሚ ሆና ነበር፤ መደበኛ ትምህርት አልነበራትም። ከዶክተር ሬጂናልድና ከዶክተር ካትሪን ሐምሊን አጠገብ እየሠራች የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ተማረች፤ ቆይታም ከተለያዩ አገሮች ለሚመጡ ሐኪሞች አሳየች። እነዚያ ሐኪሞች ዲግሪዋን አልጠየቁም። እጇን አዩ። ብቃት በዓይን በሚታይበት ክፍል ማዕረግም ጾታም ሁለተኛ ይሆናል። ችግሩ ብዙው የአመራር ሥራ፣ በጀት መደልደል፣ ተረኛ መመደብ፣ ስብሰባ መምራት፣ እንደ ቀዶ ሕክምና በዓይን የሚታይ አለመሆኑ ነው።

ከሌላ አገርም የሚታይ አለ። በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል የመንደር ምክር ቤት መሪነት ለሴቶች በዕጣ በተመደበባቸው ቦታዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ወንዶቹ በልባቸው የወንድ መሪን መምረጣቸው አልተለወጠም። ሴት መሪን አንድ ጊዜ ካዩ በኋላ ግን የሴትን ሥራ ዝቅ አድርገው የመመዘን ልማዳቸው ጠፋ፤ ሁለት ጊዜ በተመደበባቸው መንደሮች ደግሞ ያለ ኮታም ብዙ ሴቶች ተመረጡ። በአሜሪካ ጋሉፕ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1953 «የወንድ አለቃ ትመርጣለህ ወይስ የሴት?» ብሎ ሲጠይቅ 66 ከመቶው ወንድ፣ 5 ከመቶው ብቻ ሴት ብሎ ነበር። «ለእኔ ልዩነት የለውም» የሚለው መልስ ከግማሽ በላይ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ስድሳ አራት ዓመት ፈጅቷል። ስለዚህ «ኋላ ቀርነታችን» እያሉ ራስን መውቀስም ሆነ «እነሱ ጨርሰውታል» ማለት ከንቱ ነው።

በእኛ በኩል ዓይን የሚለምደው ነገር በላይኛው እርከን ላይ ታይቷል። በሽግግሩ መንግሥት ዘመን ጤና ሚኒስቴርን የመሩት ዶክተር አዳነች ኪዳነ ማርያም ነበሩ፤ ይህን የሚያስታውስ ወጣት ባለሙያ ግን ጥቂት ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴቶች ሆኑ። ዶክተር ሊያ ታደሰ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሚኒስትር ሲሆኑ በዚያው ወር የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ፤ በየዕለቱ የሕመምተኛውን ቁጥር የሚናገረው ድምፅ የሴት ድምፅ ሆኖ ወራት አለፉ። በ2016 ዓ.ም. ቦታውን የተረከቡት ዶክተር መቅደስ ዳባም ሴት ናቸው። ከአርሲ ልጆችም ደራርቱ ቱሉ ከአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በኋላ ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑን መርታለች፤ ሁለቱም የአንድ ደጋ ልጆች መሆናቸው ለአሰላና ለበቆጂ ሰው ሌላ ጨዋታ ነው።

ይህ ሁሉ በጤና ጣቢያው ስብሰባ ላይ ገና አልደረሰም። እዚያ ያለው አንድ ቃል ነው፦ «በኮታ»። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላላቸው ሴት ተወዳዳሪዎች ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግገዋል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35ም መሠረቱን ጥሎላቸዋል። ድንጋጌው ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። የሚጎዳው አነጋገሩ ነው። ወንድ ኃላፊ ሲተዋወቅ የት እንደተማረ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ የትኛውን ወረርሽኝ እንደተቆጣጠረ ይዘረዘራል። ሴት ስትተዋወቅ «የሴቶችን ተሳትፎ ለማሳደግ» ተብሎ ይጨበጨባል። ትምህርቷም ልምዷም በዚያ ጭብጨባ ይሸፈናል። ከላይ በጠቀስነው ጥናት ጆሮን የከፈተው ያ የብቃት መግለጫ ነበር፤ እኛ ግን በራሳችን መድረክ ላይ እንሰርዘዋለን። ተረኛው ባለሙያ ከዚያ ስብሰባ የሚወጣው ስለ አዲሷ ኃላፊ አንድ ነገር ብቻ አውቆ ነው፤ ሴት መሆኗን።

በየጤና ኬላው ከተመደቡት ውስጥ በደረጃ 4 ሥልጠና አልፈው፣ ከዚያም በነርስነት ወይም በጤና መኮንንነት ተምረው በጤና ጣቢያ የተመደቡ አሉ። ከእነዚህ አንዷ ነገ በሲሬ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ብትሆን በግቢው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይጠብቋታል። አግዳሚው ላይ ተራውን የሚጠብቀው ገበሬ ሲያያት ብድግ ይላል፤ መጸዳጃውን ያስቆፈረችው፣ ልጆቹን ያስከተበችው እሷ ናትና። በውስጥ ያሉት ባልደረቦቿ ግን ገና ምን እንደምታውቅ አልተነገራቸውም።